መፈክራችን ከደጅ፣ ጥያቄያችን የት?

የዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ኢትዮጵያዊ ሰልፍ መውጣት ያውቅበታል። ከምርጫ 97 (እ.ኤ.አ. 2005) ወዲህ በስቴት ዲፓርትመንትና በዋይት ሐውስ ደጃፍ በብርዱም በሐሩሩም ስንት ጊዜ እንደቆምን የምናውቀው እኛው ነን። ሰልፍን ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ክፍት ሆኖ ሳለ እምብዛም የማንገባበትን ሌላ በር ነው። እርሱም በዚህች ከተማ ያሉ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ለሕዝብ የሚያዘጋጁት ንግግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተው የጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ቤት (ሳይስ) ከ2023 ጀምሮ ፔንሲልቬንያ አቬኑ ላይ፣ ቀድሞ የጋዜጠኝነት ሙዚየም በነበረው ሕንፃ ይገኛል። የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ኤልየት ትምህርት ቤት ከስቴት ዲፓርትመንት በእግር የሚደረስበት ነው። ጆርጅታውንና አሜሪካን ዩኒቨርሲቲም አሉ። በትምህርት ወራት አምባሳደሩ፣ ጄኔራሉ፣ ተመራማሪው እየመጣ ይናገራል። አብዛኛው መግቢያ አይከፈልበትም፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ይበቃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር፣ ከአሌክሳንድሪያ ደግሞ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ በሰማያዊው መስመር ተሳፍሮ መምጣት ነው። ንግግሩ ሲያበቃ ማይክሮፎኑ ለታዳሚው ይዞራል።

ለመሆኑ ይህ ለአገራችን ምን ይፈይዳል? በዚህች ከተማ በመምህሩ ወንበርና በሥልጣን ወንበር መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ፖል ዎልፎዊትዝ ከሳይስ ዲንነት ተነስተው በ2001 የመከላከያ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። ማድሊን ኦልብራይት ጆርጅታውን ሲያስተምሩ ቆይተው ነው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁት። በግንቦት 1991 የለንደኑን ጉባኤ የመሩት ኸርማን ኮኸን ከጡረታ በኋላ ሳይስ አስተምረዋል። ከ1996 እስከ 1999 አዲስ አበባ አምባሳደር የነበሩት ዴቪድ ሺን ደግሞ በኤልየት ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምረዋል። በእነዚህ አዳራሾች ከፊታችን የሚቀመጠው ወጣት ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአፍሪካ ቀንድን ፋይል የሚይዝ ሊሆን ይችላል። ስለ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ነገር ከማን አፍ ይስማ?

በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተገኝቻለሁ። የእኛ ሰው ማይክሮፎን ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ከአድዋ ይጀምራል። አድዋ ክብራችን ነው፤ ነገር ግን የተሰጠው አንድ ደቂቃ ነው። መድረክ መሪው «ጥያቄዎ ምንድን ነው?» ይላል፤ ወንድማችን ይቆጣል፤ ማይክሮፎኑ ይወሰዳል፤ ተናጋሪው ምንም ሳይመልስ ይገላገላል።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። በአንድ ምሽት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ ታክሲ ነጂ አዛውንት ተነሱና በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንዲህ አሉ፦ «በ1991 ለንደን ላይ ‹ዴሞክራሲ ከሌለ ትብብር የለም› ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየትኛው ምርጫ ምክንያት ነው ትብብሩ የተቋረጠው?» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ተናጋሪው ስለ ሽብርተኝነትና ስለ ሶማሊያ ብዙ ቢያወራም ዓመተ ምሕረት ሊጠራ አልቻለም። ተማሪዎቹ ሲጽፉ አይቻለሁ። ሲያልቅም እሳቸውን ከበው ይጠይቁ ነበር።

መስከረም 2010 አቶ መለስ ዜናዊ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋበዙ የሆነውን እናስታውስ። ወ/ት ብርቱካን ሚደቅሳ ወኅኒ ነበረች። ተቃዋሚው በሩ ላይ ድምፁን አሰማ፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን እስክንድር ነጋና ሰርካለም ፋሲል አዲስ አበባ ተቀምጠው ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የጻፉት ደብዳቤ ነገሩን የመናገር ነፃነት ምሁር ለሆነ ሰው በገዛ ቋንቋው አቀረበለት። ከደጅ ያለው ጩኸትና ከውስጥ የሚገባው ቃል ሲደጋገፉ ጉልበት አላቸው።

ኤች አር 2003ንም አንርሳ። ጥቅምት 2007 የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው፣ ሰዎቻችን በየወረዳቸው ተወካዮቻቸውን አንድ በአንድ ስላስረዱ ነው። አገዛዙ ግን ከአገሪቱ ካዝና እየከፈለ ትልቅ የሕግ ድርጅት አሰልፎ ነበር፤ ረቂቁም ሴኔት ደርሶ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። እኛ ያን ገንዘብ የለንም። ያለን ነፃ መግቢያና አንድ ደቂቃ ነው።

ከ2020ው ጦርነት ወዲህ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። አዳራሽ የምንገባ ጥቂቶች እርስ በርስ መጯጯህ ጀመርን። ያን ያየ ፈረንጅ «እነዚህ መቼም አይስማሙም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። በሐሳብ መለያየት ነውር አይደለም፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ማድመጥ ግን አያቅተንም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሐሳቤ ቀላል ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ ሦስት አራት ሰው ተመርጦ የትምህርት ቤቶቹን መርሐ ግብር ይከታተል። ተናጋሪው ቀደም ሲል የጻፈውን ያንብብ። ጥያቄውን በወረቀት ይጻፍ፤ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ የማይካድ ሐቅ፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንንም ይዞ ይሂድ፤ በቋንቋው እነርሱ ይበልጡናል፣ ታሪኩን እኛ እናቀብላቸው። ከመጠየቅ ደጅ አዝማች መሆን ይቀላል፤ አገር የሚያተርፈው ግን የጠየቀ ነው።

ቸር ይግጠመን።