መተማ የሚወርድ ነጋዴ ሻንጣው ምን ይያዝ?

የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ከአዲስ አበባና ከጎንደር ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚወርደው ገዢና ደላላ ስለ ዋጋ፣ ስለ ኩንታልና ስለ ጭነት ሲያሰላ ይሰነብታል። ስለ ልብሱ ግን የሚያስበው ገንዳ ውኃ ደርሶ ሸሚዙ ከጀርባው ሲጣበቅ ነው።

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስትሆን መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በአንድ ቀን ጉዞ ተጓዡ ከ8 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጨመርበታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቴርሞሜትሩ ከ40 ማለፉ ብርቅ አይደለም። ሆኖም መንገዱ በጭልጋ አይከል ደጋ ስለሚያልፍ፣ ማለዳ ለሚነሣ ሰው አንድ ስስ ጃኬት አይከፋም።

ታዲያ ምን ይለበስ? ሰፊ፣ ነጣ ያለ፣ ንጹሕ ጥጥ። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ነጋዴ ነጭ ጀለቢያ የሚለብሰው ለወግ ብቻ አይደለም፤ ሰፊው ልብስ ነፋስ ያስገባል፣ ነጩ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል። መርካቶ «ጥጥ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን ጥጥ አይደለም። ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ነው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጨሌ ይጠጥራል።

ሙቀት ነው ብሎ በቁምጣ መውረድ ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው። ቁምጣ እዚያ የአጫጁ የሥራ ልብስ ነው፤ ውል ለመነጋገር የተቀመጠ ገዢ በቁምጣ ቢታይ የሚሰጠው ክብደት ይቀንሳል። ወታደራዊ መልክ ያለው ሱሪና ጃኬት ጨርሶ እቤት ይቅር፤ በየኬላው ከሚያስከትለው ጥያቄ አንጻር ትርፉ ምንድን ነው?

ለሴት ነጋዴዎች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ለሁለቱም ወገን ይበቃል። የሱዳን ሴቶች ሰውነታቸውን የሚጠቀልሉበት ቶብ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም ጨርቅ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 «ነውረኛ አለባበስ»ን እስከ 40 ጅራፍ ያስቀጣ ነበር፤ ጋዜጠኛ ሉብና ሁሴን በ2001 ዓ.ም. ሱሪ በመልበሷ ተከሳ 500 የሱዳን ፓውንድ ተፈርዶባታል። የሕዝብ ሥርዓት ሕጉ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተሽሯል። ሕጉ ቢሻርም የገበያው ዓይን አልተሻረም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን ካላ አዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ አፈርና በግራር ሥር ትደበቃለች፤ የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከደጋ ወርደው ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ዋነኞቹ ተጠቂዎች ናቸው፤ ምርቱን ሊያይ እርሻ ላይ ያደረ ነጋዴም አይተርፍም። ስለዚህ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ ካልሲና ቀዳዳው የጠበበ አጎበር ከገንዘብ ቦርሳው እኩል ይያዙ። በሽታው ከወራት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ እብጠት የታየበት ሰው አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «መተማ ነበርኩ» ማለት አለበት፤ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማና በጋላባት መካከል ያለው መተላለፊያ እንደቀድሞው የነጋዴ መንገድ ብቻ አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠር ስደተኛ አስተናግዷል። በእኛም በኩል የክልሉ ጸጥታ ስለሚለዋወጥ፣ ሻንጣ ከመቋጠር በፊት ስለ መንገዱ መተማ ላለ ደንበኛ ስልክ መደወል ይቀድማል።