ከቀፎው ጀርባ ግቡ

በስሎቬንያ የማር መንገድ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አይቶ የሚመለሰው የንብ ቤቱን ፊት ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተቀቡ ቀፎዎች ተደርድረው ሲታዩ ያምራሉ፤ ፎቶ ይነሣል፣ ማር ይገዛል፣ ጉዞ ይቀጥላል። እኔ በጆሯችሁ የምነግራችሁ ወደ ኋላ እንድትዞሩ ነው።

አንቶን ዥኒዴርሺች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያሻሻለው ቀፎ የሚከፈተው ከላይ ሳይሆን ከጀርባው ነው። ንብ አናቢው ጣሪያ ሥር ቆሞ በሩን ይከፍትና የማር እንጀራውን ከነፍሬሙ፣ መጽሐፍ ከመደርደሪያ እንደሚሳብ፣ ስቦ ያወጣዋል። ቀፎዎቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ በመኪና ተጭነው ማር ወዳለበት ይሄዳሉ። «ከጀርባ ልግባ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአገሩ ንብ፣ ግራጫዋ ካርኒዮላ፣ በገራምነቷ የታወቀች ናት። ሽቶ አትቀቡ፤ በመግቢያ በሯ ፊት ለፊትም አትቁሙ።

በቀፎ ፊት የሚታዩትን ባለሥዕል ሳንቃዎች ግን በጥንቃቄ እዩ፤ በመንገድ ላይ የምታገኟቸው ብዙዎቹ አዳዲስ ቅጂዎች ናቸው። እውነተኞቹን፣ አዳኙን ሲቀብሩት የሚታዩ አውሬዎችንና የሴትዮዋን ምላስ የሚሞርደውን ሰይጣን፣ ለማየት በሰሜን ወዳለው የራዶቭሊትሳ የንብ ሙዚየም ሂዱ። በ1734 የተወለደው፣ በቪየና የንብ እርባታ መምህር የነበረው አንቶን ያንሻም የዚያው አካባቢ ሰው ነው። የዓለም የንብ ቀን ግንቦት 12 (ሜይ 20) የሚከበረው በእሱ ምክንያት ነው።

እኔ የምወደው ግን ደቡቡን፣ ኮቼቭስኮን ነው። ከመሬቱ ከመቶ 90 እጅ ገደማው ጫካ ነው። ድብ ስለማይታጣ ቀፎዎቹ በኤሌክትሪክ ሽቦ ይታጠራሉ፤ ሽቦውን እንዳትነኩ። የክሮካር ጥንታዊ ጫካ በ2017 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ውስጡ አይገባም፤ ዳር ዳሩን ነው የሚኬደው።

የዚህ ጫካ ስመ ጥር ማር ከአበባ የሚገኝ አይደለም። የልካ በሚሉት ጥድ መሰል ዛፍ ላይ የሰፈረች ክሽክሽ የዛፉን ፈሳሽ ትመጥና የተረፋትን ስኳር ታንጠባጥባለች፤ ንቧ ያንን ጠብታ ትሰበስባለች። ማሩ ጠቆር ያለ፣ በማዕድን የበለጸገ ነው። የኮቼቭዬ ጫካ ማር ከ2011 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ስሙ የተጠበቀ ነው። ችግሩ የልካ በየዓመቱ አይሰጥም። አንድ ከባድ ዝናብ ክሽክሿን አጥቦ ያወርዳታል። ስለዚህ የንብ አናቢዎች ማኅበር ታዛቢዎች በየጫካው ቀፎ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ክብደቱን ይከታተላሉ፤ ወሬው ሲደርስ ንብ አናቢው ንቦቹ ወደ ቤት በገቡበት ሌሊት ቀፎውን ጭኖ ይነዳል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳያሳስታችሁ። በመጸው ወቅት ከንብ ቤት ጎን የስኳር ከረጢት ብታዩ «ማሩን ይቀላቅላሉ» ብላችሁ አትፍረዱ። ይህ ማዕድን የበዛበት ማር ክረምቱን ሙሉ ከቤት ሳትወጣ ለምትቆይ ንብ ሆድ ከባድ ነው፤ ተቅማጥ ያመጣባታል። ማሩ ተቆርጦ በምትኩ ለንቧ የስኳር ውኃ የሚሰጣት እንድትተርፍ ነው። ደህና ንብ አናቢ ይህን አይደብቅም፤ ብትጠይቁት አስቀምጦ ያስረዳችኋል።

ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከደረሳችሁ መጀመሪያ «የዘንድሮ የልካ ማር አለ?» በሉ። «ዘንድሮ አልሰጠም» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ከእሱ ዘንድ የሊፓ ዛፍ አበባ ማሩን ወይም መረር የሚለውን የቼስትነት ዛፍ ማር ሳትጠራጠሩ ግዙ።