የዛሪማ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ስንት ነው?

አንድ ቤተሰብ በሳምንት ለምግብ ስንት ያወጣል ሲባል ብዙዎቻችን የምንቆጥረው ገበያ ላይ የተከፈለውን ብር ብቻ ነው። ለዛሪማ ይህ ስሌት አይሠራም። ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ግርጌ ባለው በዚህ ቆላ፣ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ የምትወጣ እናት የምትሸምተው ዘይት፣ ጨው፣ ሽንኩርት፣ በጣሳ የሚሰፈር በርበሬና ለጥቂት ጀበና የሚበቃ ቡና ነው። ማሽላው ከጎተራ ወጥቷል፣ ሽሮውም እቤት ተዘጋጅቷል። የከፈለችው ትንሽ ስለሆነ ኑሮው ርካሽ ነው ካልን በጣም ተሳስተናል።

«ከኪስ ያልወጣ እንዴት ወጪ ይባላል?» የሚል ይኖራል። ያ ማሽላ ቢሸጥ ደብተርና መድኃኒት ይገዛ ነበር። የአገራችን የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ከራስ ምርት የተበላውን በዋጋ ተምኖ የሚይዘውም ለዚህ ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኧርነስት ኤንግል ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ለምግብ የሚያውለው ድርሻ እንደሚጨምር በ1857 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል፤ ጎተራውን ካልቆጠርን ግን ደሃው ገበሬ ከደመወዝተኛው የተሻለ መስሎ ይታያል። «እንግዲያው ገበሬውን የዋጋ ንረት አይነካውም» የሚለው ክርክርም ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ እስከ ክረምት ይሠራል። ጎተራው ሲሟጠጥ ያው ቤተሰብ እህሉን የሚገዛው ዋጋው ጣሪያ በነካበት ወር ነው። ከውጭ የሚገባው ዘይት ዋጋማ፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ተመን እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይበልጥ ታስሯል።

ስለዚህ የኑሮ ወጪ የምታጠኑ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ በጥር የጠየቃችሁትን ቤት በነሐሴም ተመልሳችሁ ጠይቁ።