በቤተ ሰብ ጕልበት የጓሮ ወርክሾፕ ስለ መሥራት

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በአስተዳደር ረገድ በ5 ክፍሎች የተመደበች ናት። ከነዚሁም አንዱ ወደ ጂንጃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኘው የናካዋ ክፍል ነው። ገበያውና የፋብሪካው ሰፈር የተቀራረቡበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ የእጅ ሥራ ሠርቶ ለመሸጥ የተመቸ ነው። በ1971 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የሙያ ማሠልጠኛ ተቋምም በዚሁ በናካዋ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ሙያ የተማረ ሰው መሣሪያውን የሚቈልፍበትና ከዝናብ ተጠልሎ የሚሠራበት ጣራ ከሌለው፥ ትምህርቱ እንዳለ ሆኖ እንጀራው በሰማይ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች እንዲህ ያለውን ባለሙያ በስዋሂሊ ቋንቋ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ብርቱ ፀሓይ» ማለት ነው።

አንድ አባወራ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር በጓሮው አነስተኛ ወርክሾፕ ለመሥራት ቢያስብ ምን ምን ማወቅ እንደሚገባው ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን። በቡጋንዳ አገር ለመንገድና ለምንጭ ጥርጊያ ሕዝቡ በአንድነት የሚወጣበት «ቡሉንጊ ብዋንሲ» የሚባል የቈየ ልማድ አለ፤ የእኛን ደቦ ይመስላል። ስለዚህ በጋራ ጕልበት መሥራት ለናካዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

መሠረት ከመቈፈር አስቀድሞ የሚጠየቀው ግን መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው። በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ውል የቡጋንዳ መሬት በማይል ልክ እየተለካ ለባላባቶች ስለ ተሰጠ፥ ይዞታው እስከ ዛሬ «ማይሎ» እየተባለ ይጠራል። በዚሁ መሬት ላይ ሠፍሮ የሚኖረው ሰው ቦታ ደግሞ «ኪባንጃ» ይባላል። እንግዲህ በአንድ ጓሮ ላይ ሁለት ባለመብት ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። የ1998 ዓ.ም. የመሬት ሕግ የሠፋሪውን መብት ቢያውቅለትም፥ ከባለ ርስቱ ጋር በጽሑፍ ሳይስማሙ ጡብ መደርደር ጠብን መደርደር ነው። በተጨማሪም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ቍጥጥር ሕግ ፈቃድ ሳይዙ መሥራትን ይከለክላል።

ይህ የወረቀት ጕዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው፥ በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ለሠራተኞች ተሠርተው የነበሩት የናካዋና የናጉሩ የኪራይ ቤቶች በዚያ ወር ሲፈርሱ፥ ከሺህ የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ለቀው ወጥተዋል። ተከራይ በሰው መሬት ላይ በሲሚንቶ የገነባውን ይዞት ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ቦታው የራሱ ያልሆነ ሰው፥ ባለ ቦታው ከፈቀደለት፥ ቋሚዎቹና ማገሮቹ በምስማር ሳይሆን በብሎን የተያያዙ፥ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ይሥራ። እንዲህ ያለውን ቤት ፈቶ በጭነት መኪና ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ይቻላል። ብሎን ከምስማር ዋጋው ይበልጣል፤ ሆኖም በእኛ አስተያየት ከወጪዎቹ ሁሉ ይህ እጅግ የሚያዋጣው ነው።

ቦታው የራሱ የሆነ ሰው ግን በጡብ ቢሠራ ይሻላል። ለአንድ አናጢ ወይም ብረት ሠራተኛ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ለመነሻ ይበቃዋል። ይህ ልክ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ሲለካ በሁለቱም በኩል ልክ 5 ሜትር ከመጣ፥ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ መሆናቸው በዚሁ ይረጋገጣል። ይህንም ሲባጎና ሜትር ይዞ የአሥር ዓመት ልጅ ሊሠራው ይችላል። የጡቡን ብዛት ለማወቅ፥ አንድ ካሬ ሜትር ያህል በደረቁ መሬት ላይ ደርድሮ መቍጠርና በግድግዳው ስፋት ማባዛት ነው። የጡብ መጠን ከምድጃ ምድጃ ስለሚለያይ የሻጩን ቍጥር አምኖ መግዛት አይገባም።

በካምፓላ ዝናቡ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ መሠረቱ በታኅሣሥ ቢጀመር ቦዩ ውሃ አይሞላም፤ ልጆችም ከትምህርት የሚያርፉበት ወራት ነው። የልጆች ሥራ አሸዋ መንፋት፥ ጡብ ከመገንባቱ በፊት ውሃ ውስጥ መንከርና የተገነባውን ለአንድ ሳምንት ያህል ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣት ነው። ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል መስሎ ቢታይም፥ ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከርጥበት ስለ ሆነ የግድግዳው ዕድሜ ያለው በልጆቹ እጅ ነው። ጣራ ላይ መውጣት ግን ለእነርሱ አይፈቀድም። ወለሉ ከጓሮው መሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ያለዚያ ጎርፍም ምስጥም ይገባል። በሩም ባለ ሁለት ተከፋች ይሁን፤ የሠራውን ቁም ሣጥን በበሩ ማውጣት አቅቶት መልሶ የሚፈታ አናጢ የጎረቤት መሣቂያ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ጣራው ላይ ነው። ቆርቆሮ ቀላል ስለ ሆነ፥ ዐውሎ ነፋስ በበሩ ገብቶ ከሥር ሲገፋው ከነሞራሌው ተነሥቶ ይበራል። መድኀኒቱ ግንቡ ሊያልቅ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው፥ በየሜትሩ ቀጭን ፌሮ በጡቡ መካከል ቀብሮ ጫፉን ወደ ላይ ማስቀረትና በኋላ በግድግዳው አናት የሚጋደመውን ሞራሌ በዚያ ጠምዝዞ ማሰር ነው። ይህ ከተረሳ፥ ግድግዳው ካለቀ በኋላ ጡብ ሳያፈርሱ ማስገባት አይቻልም። ቆርቆሮውን ሲገዙም በላዩ የተጻፈውን የጌጅ ቍጥር ማየት ያስፈልጋል፤ ቍጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳልና፥ 32 የሚለው 28 ከሚለው የሳሳ ነው።

ጣራው ከነክፈፉ 4 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር፥ ማለት 5 በርሜል ውሃ ይሆናል። ይህ ሁሉ ወደ ጎረቤት ግቢ ቢፈስ ምን እንደሚከተል ለአንባቢ መንገር አያሻም። አሸንዳ አድርጎ ወደ በርሜል ማስገባትና ትርፉን በቦይ ወደ መንገዱ መውረጃ መምራት ይገባል።

የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት የቤተ ሰብ ሥራ አይደለም። በኡጋንዳ ቤት የሚገባው ኀይል 240 ቮልት ሲሆን፥ ብየዳና የእንጨት መሰንጠቂያ ሞተር የሚስቡት ለመብራት ከተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ዐቅም በላይ ነው። ስለዚህ ለዚህ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ መቅጠርና ራሱን የቻለ መስመር ከቈጣሪው ማስሳብ ያስፈልጋል። ባለቤቱ በጡብና በአሸዋ ያተረፈውን ገንዘብ እዚህ ላይ ቢያወጣው አይቈጨው።

ለአካባቢ ሹማምንትም አንድ ቃል አለን። የእንዲህ ያለው ትንሽ ቤት ፈቃድ ለወራት ከተጓተተ፥ ባለጕዳዩ የታኅሣሥን ደረቅ ወራት አሳልፎ በመጋቢት ዝናብ፥ ያውም በሌሊት ተደብቆ ይሠራል። ፈቃዱን ፈጥኖ የሰጠ ሹም ደግሞ ሥራውን መጐብኘት ያለበት ሁለት ቀን ነው፤ መሠረቱ ተቈፍሮ ኮንክሪት ሳይፈስበትና፥ ፌሮው በግንቡ ውስጥ ሲቀበር። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው የሚያየው ልስኑን ብቻ ነው።