ዛፍ በብርድ ወራት ለምን ይጨሳል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏ «ብናኝ» ትባላለች። ብ፣ ና፣ ኝ። ሦስት ፊደል ናት፤ ጣታችሁን እያስከተላችሁ አንብቧት። ዱቄት ሲነፋ ከወንፊቱ በላይ ብን የሚለውን ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ብናኝ ነው። ዛፍም የራሱ ብናኝ አለው። ይኸውም የወንዴው ዱቄት ማለት ነው፤ ወደ ሴቴዋ ካልደረሰ ዘር የለም።

ይህን ርእስ ያነሣሁት በአንድ መልእክት ምክንያት ነው። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው በአሜሪካ አገር፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ኦስቲን ከተማ ነው። በሄደች በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ «ብርድ መታኝ። ዐይኔን ይበላኛል፣ አፍንጫዬ አያቆምም፣ ሌሊት ደረቴ ያፏጫል» ብላ ላከችብኝ። ትኩሳት ግን አልነበራትም። ወር ሙሉ የጉንፋን መድኃኒት ስትውጥ ከርማለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ «ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪበት» አልኳት። መምህር ሆኜ እንኳ ነገሩን ሳልመረምር።

ለካ ያሳመማት ብርድ ሳይሆን ጥድ ኖሯል!

በመካከለኛው ቴክሳስ ኮረብታዎች ላይ የጥድ ወገን የሆነ ዛፍ በብዛት ይበቅላል። የአገሩ ሰው «የተራራ ሴዳር» ይለዋል እንጂ፣ በመናገሻ ሱባ ጫካና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የምናየው የእኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ወንዴውና ሴቴዋ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። ብዙ ዛፍ ብናኙን የሚለቀው ብርዱ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ይህ ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት የብርድ ወራት ይለቃል። ጥር ላይ ይብሳል። (እኛ ክረምት ስንል ዝናቡን፣ ሐምሌና ነሐሴን ነው። የእነሱ ክረምት ግን ይኸው ብርዱ ነው። እንዳንምታታ ብዬ «የብርድ ወራት» ያልኩት ለዚህ ነው።)

ታዲያ ብርዱ ዛፉን ምን ያደርገዋል? በወንዴው ዛፍ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ቢጫና ቡናማ ቅንጣቶች አሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነች ናት፤ ከቅርፊቶቹ ሥር ብናኝ የሞላባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቅርፊቱ እንደ ተዘጋ ይቆያል። ከሰሜን ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣ ደመናው ይገፈፋል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ፀሐይ ትወጣለች። ያን ጊዜ ቅርፊቱ እርጥበቱን አጥቶ ይሸበሸባል፤ ከረጢቱም ይሰነጠቃል። በፀሐይ የደረቀ የአተር ሽፋን በራሱ ተሰንጥቆ ፍሬውን እንደሚያፈስ ማለት ነው። የቀረው የነፋስ ሥራ ነው።

ስለዚህ ዘመዴ «ብርድ መታኝ» ማለቷ እንዲያው ከንቱ አልነበረም። ብርዱ ደረቅ አየርና ነፋስ ይዞ ይመጣል፤ ደረት የሚገባው ግን ብናኙ ነው። ብርዱ እጅግ ሲበረታ ዛፉ ዝም ይላል። ዝናብ ሲዘንብም ብናኙ ታጥቦ መሬት ይወርዳል። ዝናቡ አልፎ የደረቁ ቀናት ሲከተሉ ደግሞ የተጠራቀመው ባንዴ ይለቀቃል። ዛፉ ሲወዛወዝ ጭስ የመሰለ ደመና ይወጣዋል። ጫካው ተቃጠለ ብለው እሳት አደጋ የጠሩም አሉ!

ነፋስ ዕውር መልእክተኛ ነው። ንብ ከአበባ ወደ አበባ ትሄዳለች፤ ነፋስ ግን የትም ይበትናል። ስለዚህ ዛፉ እጅግ አብዝቶ ይልካል። አንዷ ብናኝ ብቻዋን በዐይን አትታይም፤ አርባዎቹ ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞሉ ነው። ከቴክሳስ የተነሣ ብናኝ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ በኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ ተገኝቷል።

በአውሮፓ ደግሞ ሃዝልና አልደር የሚባሉ ዛፎች አሉ። እነዚህ መጀመሪያ ብርድ መጥገብ አለባቸው፤ ብርድ ካልጠገቡ በደንብ አይነቁም። ቀጥለው ሙቀት ይጠብቃሉ። ብርዱ የላላ እንደሆነ ጥር ላይ ብናኛቸውን ይለቃሉ። በሰሜን አሜሪካ በ60 ጣቢያዎች የተለካውን ያጠኑ ሰዎች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የብናኝ ወቅት 20 ቀን ያህል ቀድሞ መጀመሩን በ2021 ጽፈዋል። የብናኙም መጠን በ21 ከመቶ ገደማ ጨምሯል።

በመጀመሪያው ዓመት ለምን አልታመመችም ትሉ ይሆናል። ሰውነት ብናኙን እንደ ጠላት መቁጠር የሚጀምረው ደጋግሞ ካገኘው በኋላ ነው፤ ይህም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ጉንፋን ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃል፤ ይህ ግን ብናኙ እስካለ ድረስ ይቆያል፤ ዐይንንም ያሳክካል። ደረቱ የሚያፏጭ ሰው፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ አስም ሊሆን ይችላልና።

ዘመዴ ሐኪም ካየች በኋላ የአለርጂ መድኃኒት ወቅቱ ሳይገባ ትጀምራለች። ልብስ ውጭ አታሰጣም፤ ማታ ፀጉሯን ታጥባ ትተኛለች። ባለፈው ጥር ስንደዋወል «ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋሱም ከሰሜን ነው» አለችኝ። መስኮቱን ስትዘጋ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።