የፍሬን ቱቦ ርዝመት ከፍ በተደረጉ ተሽከርካሪዎች

የፍሬን ቱቦ ሻንሲው ላይ ከታሰረው የብረት የፍሬን መስመር ተነስቶ እስከ አክስሉ ወይም እስከ ጎማው ፍሬን ድረስ የሚዘረጋ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ሻንሲውና አክስሉ ስለሚቀራረቡና ስለሚራራቁ በመካከላቸው ያለው መስመር ብረት ሊሆን አይችልም። ሰስፔንሽኑ ከፋብሪካው ልክ በላይ ከፍ ሲደረግ ይህ ቱቦ ሊያጥር ይችላል። ያጠረ ቱቦ ከመገጣጠሚያው ከተነቀለ ወይም ከተቀደደ የፍሬን ዘይቱ ይፈስሳል፣ በዚያ መስመር ያሉት ጎማዎችም ፍሬን ያጣሉ።

በምሥራቅ ወለጋ የምትገኘው ሲሬ ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። በአካባቢው ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ክረምት ሲመጣ ይቦካሉ፣ የጎማ ፈለጉም ይጠልቃል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ በቆሎና ቡና የሚያመላልስ ተሽከርካሪ ሆዱ መሬት እንዳይነካ ከፍ ማለቱ ይጠቅመዋል። በኢትዮጵያ የተለመደው መንገድ ባሌስትራ ማስጨመር ነው፤ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ማስነሻ ማስገባት ወይም የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ በረጅም መተካትም አለ። ማንጠልጠያው አንዱን ጫፍ ብቻ ስለሚገፋ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ተሽከርካሪው የሚነሳው ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ርዝመቱን የሚወስነው

ብዙ ጊዜ የሚሳተው ነገር ቱቦው የሚለካበት ሁኔታ ነው። ተሽከርካሪው በአራት ጎማ ቆሞ ሲታይ ቱቦው ረግቦ ስለሚታይ በቂ ይመስላል። ቱቦው የሚፈተነው ግን ጎማው ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ነው። ለምሳሌ 38 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ እንውሰድ። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ በሁለቱ መገጣጠሚያዎች መካከል ያለው ርቀት 35 ሴንቲ ሜትር ከነበረ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አለ። አክስሉ 5 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ እንዲወርድ ከተደረገ ርቀቱ 40 ይሆናል፣ ቱቦውም በ2 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ያው ተሽከርካሪ ቆሞ ሳለ ርቀቱ ከ25 ወደ 30 ብቻ ስለሚያድግ ጋራዥ ውስጥ ችግሩ አይታይም።

አክስሉ እስከ የት እንደሚወርድ በአብዛኛው የሚወስነው ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ ነው። ባሌስትራው ተጨምሮ የድሮው ሾክ አብዞርበር ከቀረ የመውረጃው ገደብ ስለማይለወጥ የድሮው ቱቦ ሊበቃ ይችላል። ይህ ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ሾክ አብዞርበሩ በየጉድጓዱ እስከ ጫፉ ስለሚጎተት ማሰሪያው ይላላል ወይም ይበጠሳል፣ ከዚያ በኋላ አክስሉን ይዞ የሚቀረው ቱቦው ነው። ረጅም ሾክ አብዞርበር ሲገጠም ግን ቱቦውን እንደገና መለካት ግድ ነው።

ልኬቱ የሚወሰደው ሻንሲው በክሪክ ተነስቶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካረፈና ጎማዎቹ በአየር ላይ ከተንጠለጠሉ በኋላ ነው። ለፊት ጎማዎች መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዞራል። ቀጥሎ አክስሉ እስከ ማቆሚያ ጎማው ወደ ላይ ይገፋና ቱቦው ከጎማ፣ ከባሌስትራ ወይም ከጭስ ማውጫ ጋር እንደማይነካካ ይታያል። ከመጠን በላይ የረዘመ ቱቦ በመፋተግ ስለሚያልቅ፣ ረጅም ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። በብዙ ፒክአፖች የኋላው አክስል አንድ ቱቦ ብቻ ስላለው የእሱ መቀደድ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ያለ ፍሬን ያስቀራል።

መፍትሔዎች

ቀላሉ መፍትሔ ቱቦው ሻንሲው ላይ የሚያዝበትን ቦታ በተጨማሪ ብረት ዝቅ ማድረግ ነው። የብረቱ መስመር ትርፍ ጥምዝ ካለው ቀስ ተብሎ ይታጠፋል፤ ከተሰበረ ግን በብየዳ ሳይሆን በአዲስ መስመር ነው የሚተካው። ሌላው ረጅም ቱቦ መግጠም ነው። በአሜሪካ ኤፍ ኤም ቪ ኤስ ኤስ 106 በተባለው ደንብ መሠረት የሃይድሮሊክ የፍሬን ቱቦ በመፈተኛ ማሽን ላይ ለ35 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ ሳይፈነዳ መቆየት አለበት። ሁለት ቱቦዎችን በክላምፕ ቀጥሎ ማርዘም እንዲህ ያለውን ፈተና የሚያልፍ ነገር አይደለም። አዲሱ ቱቦ ሲታሰር እንዳይጣመም፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹም አዲስ እንዲሆኑ ያስፈልጋል። የሌላ መኪና ቱቦ ጥርሱ ተመሳሳይ ቢመስልም ግማሽ ድረስ ገብቶ ሊነክስና ሊያፈስ ይችላል።

መስመሩ ሲከፈት አየር ስለሚገባ አየሩ መውጣት አለበት። አጋጣሚው የፍሬን ዘይቱንም ለመቀየር ጥሩ ነው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ከነቀምቴ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ይህ ልዩነት ፔዳሉ እስከ ወለል እንዲሰምጥ ሊያደርግ ይችላል።

የጭነት ቫልቩ

ቱቦው ቢስተካከልም የሚቀር ነገር አለ። ብዙ ሃይሉክሶችና ሌሎች ፒክአፖች ሻንሲው ላይ የታሰረ፣ በዘንግ ከኋላው አክስል ጋር የተያያዘ ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራ የተጨመረለት ተሽከርካሪ ግን ጭነት ይዞም ከፍ ብሎ ስለሚቆም ቫልቩ ባዶ እንደሆነ አድርጎ ይወስደዋል። የኋላ ፍሬኑ ይደክማል፣ የፊቱ ከድርሻው በላይ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ መቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል። ባሌስትራ የሚያስጨምረው ሰው ብዙ ለመጫን መሆኑ ሲታሰብ ይህ ከቱቦው ይልቅ የሚያሳስብ ነው፤ ምክንያቱም የሚፈስ ዘይት ስለሌለ ማንም አያየውም። የሚስተካከለው የዘንጉን ማያያዣ ተሽከርካሪው በተነሳበት ልክ በማንቀሳቀስ ነው።

የእጅ ፍሬን ገመድ፣ የኤ ቢ ኤስ ሽቦና የዲፈረንሻል መተንፈሻ ቱቦም በዚያው ልኬት መታየት አለባቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ በኃይል ተረግጦ ይያዛል፤ ሌላ ሰው በየመገጣጠሚያው እርጥበት እንዳለ ያያል። ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላም ቱቦዎቹ የመፋተግ ምልክት እንዳይኖራቸው እንደገና ይታያሉ።