ንባብ ለከበዳቸው ታዳጊዎች የትኛው መጽሐፍ ይስማማል?

ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዌሪቢ፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከብዙ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ አንድ የ13 ዓመት ታዳጊ ቀኑን ሙሉ ከእኩዮቹ ጋር በእንግሊዝኛ አቀላጥፎ ሲያወራ ውሎ፣ ማታ መጽሐፍ ሲገልጥ ግን በየመስመሩ ሊደናቀፍ ይችላል። የክፍል ጓደኞቹ የሚያነቡት ወፍራም ልብ ወለድ ሲሰጠው ቃላቱ ይከብዱታል፤ ለአምስት ዓመት ሕፃን የተዘጋጀ ባለሥዕል መጽሐፍ ሲሰጠው ደግሞ ያፍራል። ሁለቱም ሳይነበቡ ይቀመጣሉ። ስለዚህ መጽሐፍ ከመመረጡ አስቀድሞ ችግሩ የት ላይ እንዳለ መታወቅ ይኖርበታል።

ሁለቱ የንባብ ምሰሶዎች

እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ንባብን በቀላል ቀመር ገለጹት። በእነርሱ አገላለጽ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው። አንደኛው ፊደላትን ወደ ድምፅ ለውጦ ቃሉን መለየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቋንቋውን ሲሰሙት መረዳት ነው። ነገሩ ብዜት በመሆኑ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ይሆናል።

የአብነት ትምህርት ቤትን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ፊደል የቆጠረ ሕፃን የዮሐንስን መልእክት ደረጃ በደረጃ ተለማምዶ፣ በኋላም ዳዊትን አቀላጥፎ ይደግማል። ይሁንና የግዕዝን ቋንቋ ገና ስላልተማረ ያነበበውን አይረዳም። የዌሪቢው ታዳጊ ሁኔታ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ጽሑፉ ግን አይከፈትለትም።

ልዩነቱን በቤት ውስጥ በመጠኑ መለየት ይቻላል። ልጁ አንድ ገጽ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፤ ከዚያም ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ገጽ ይነበብለትና የሰማውን በራሱ አባባል ይተርክ። ሲነበብለት ተረድቶ ራሱ ሲያነብ የሚቸገር ከሆነ፣ ጉድለቱ በአመዛኙ ቃላትን ከፊደላቸው በመለየት ላይ ነው። ሲነበብለትም ካልተረዳ፣ የቃላትና የቋንቋ ዕውቀቱ መዳበር ይኖርበታል። በቅርቡ አገር በቀየሩ ልጆች ዘንድ ሁለቱም በአንድነት ሊታዩ ይችላሉ።

መገመት ማንበብ አይደለም

አማርኛን የሚያነብ ሰው ፊደሉን ካወቀ አዲስ ቃል ቢያጋጥመውም ድምፁን ማውጣት አይሳነውም። እንግሊዝኛ ግን 44 ያህል ድምፆችን በ26 ፊደላት ስለሚጽፍ፣ አንድ ድምፅ በብዙ መንገድ ይጻፋል። ይህን ሥርዓት በቅደም ተከተል ያልተማረ ልጅ የቃሉን መጀመሪያና መጨረሻ አይቶ መገመት ይለምዳል። በእንግሊዝኛ «ቤት» እና «ፈረስ» የሚሉት ቃላት በአጻጻፍ በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ፣ ገማች አንባቢ አንዱን በሌላው ይተካል። በሕፃናት መጽሐፍ ሥዕሉ ስሕተቱን ይሸፍንለታል፤ ሥዕል በሌለው የታሪክ ወይም የሳይንስ መጽሐፍ ግን ግምቱ አያዛልቀውም።

ዌሪቢ የምትገኝበት የቪክቶሪያ ግዛት ከ2025 ጀምሮ የፊደልና የድምፅን ግንኙነት የሚያስተምር ስልታዊ ትምህርት፣ ፕሬፕ ከሚባለው የመግቢያ ክፍል እስከ 2ኛ ክፍል፣ በቀን ቢያንስ 25 ደቂቃ እንዲሰጥ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወስኗል። እነዚህን ክፍሎች አስቀድመው ያለፉ ታዳጊዎች ግን ተመሳሳይ ትምህርት ለዕድሜያቸው በሚስማማ መልክ ያስፈልጋቸዋል።

ዕድሜን ያከበረ መጽሐፍ

ለእነዚህ ልጆች ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ይጠቅማሉ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢው በተማራቸው የድምፅና የፊደል ጥምሮች ብቻ የተጻፉ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ ለታዳጊዎች ታስበው የተዘጋጁ፣ ጀብዱና ምሥጢር የሞላባቸው ተከታታይ ታሪኮች አሉ። ሁለተኛዎቹ ጉዳያቸው ለታዳጊ የሚመጥን፣ ዐረፍተ ነገራቸው ግን አጭርና ቃላታቸው የቀለለ መጻሕፍት ናቸው። ባሪንግተን ስቶክ የተባለው የብሪታንያ አሳታሚ ታዋቂ ደራስያንን በማሳተፍ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ያወጣል፤ ዓይን እንዳይደክም ወረቀቱን ክሬማ፣ በመስመሮች መካከል ያለውንም ክፍተት ሰፋ ያለ ያደርገዋል።

ገና ቃል ለመለየት የሚታገል ልጅ በመጀመሪያው ዓይነት ቢጀምር ይመረጣል፤ ማንበብ ችሎ ፍጥነት የጎደለው ደግሞ ወደ ሁለተኛው ሊሸጋገር ይችላል። በመምህራን ዘንድ በተለመደው መለኪያ መሠረት፣ ልጁ ከ100 ቃላት ከ10 በላይ ከተሳሳተ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶታል ማለት ነው። አንዱን ገጽ ደጋግሞ ማንበብም ፍጥነትን ያዳብራል።

በዚህ መካከል የልጁ ዕውቀት ንባቡን እየጠበቀ መቆም የለበትም። በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍትን ማዳመጥና ወላጅ ጮክ ብሎ የሚያነበውን መስማት የቃላት ሀብቱን ያሰፋሉ። በአማርኛ የሚነገር ታሪክና የሚደረግ ውይይትም ልጁ በኋላ በእንግሊዝኛ ለሚያነበው ነገር መሠረት ይሆናል።

መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች በ1986 ይህን ሂደት ከማቴዎስ ወንጌል በተወሰደ ስያሜ ጠርቶታል፤ በደንብ የሚያነብ ልጅ ብዙ እያነበበ ይበልጥ ሲጎለብት፣ የሚቸገረው ደግሞ ንባብን እየሸሸ ይበልጥ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ችግሩ ሲታይ ዓይንና ጆሮን ማስመርመር፣ ከመምህሩም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የዌሪቢ ነዋሪዎች ከዊንድሃም ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ መዋስ ስለሚችሉ፣ ወላጅ ለልጁ አቅም የሚስማሙ አምስት ስድስት መጻሕፍትን ይዞ መጥቶ የመጨረሻውን ምርጫ ለልጁ ቢተው፣ ልጁ መጽሐፉን ያለ ኀፍረት የመክፈት ዕድሉ ይጨምራል።